ሥራ ለበዛባቸው ወላጆች፦ ልጆች የሚወዱት ገበታ ከጎጃም ገበያ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ አባቶቻችን። ተስፋ የሚሰጥ አነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ከዕድሉ ሌላ በሚበላውም እንደሚያድግ እኛ የጤና ሠራተኞች በየቀኑ በሚዛንና በሜትር የምናየው እውነት ነው። በክሊኒክ ለምርመራ ወይም ለክትባት የሚመጡ ባልና ሚስት ደጋግመው የሚያነሡልን ጥያቄም ይኸው ነው። «ሁለታችንም ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ልጆቻችን ምን ይብሉ? መቼስ እንሥራው?» ይሉናል። ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ከተሞች ለሚኖሩ፣ ጊዜያቸው ለሚያጥር ወላጆች የተዘጋጀ ነው።

የጎተራ አገር ልጅ ለምን ይቀነጭራል?

ጎጃም የእህል አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ከደጀንና ከቢቸና ጤፍ፣ ከጮቄ ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች፣ ከቡሬ በኩል በቆሎ ወደ ገበያ ይወጣል። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ኑጉና ተልባው፣ ማሩና ቅቤው ሞልቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በአገር ደረጃ የተገኘው ቁጥር 38 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሩ አማካይ በላይ ነበር።

መቀንጨር ማለት አንድ ሕፃን ለዕድሜው ሊኖረው የሚገባው ቁመት ሳይኖረው ሲቀር ነው። ጉዳቱ ግን በቁመት ብቻ አያበቃም። አእምሮው በሚገባ ሳይዳብር ይቀራል፤ በትምህርቱ ይቸገራል፤ በሽታ ቶሎ ቶሎ ያጠቃዋል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ከፅንስ ጀምሮ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ ነው። ካለፈ በኋላ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በክልላችን በምትገኘው በሰቆጣ ከተማ ስም የተጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ያወጀው የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ ነው።

ለመቀንጨር ድህነት፣ ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተደጋጋሚ ተቅማጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኛ ግን እህል ባለበት ቤት ውስጥ በሚታዩ ሦስት ምክንያቶች ላይ እናተኩር። አንደኛ፣ ምግቡ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ የራሱ ድርሻ የለውም፤ ከትልልቆች ትሪ የደረሰውን ያህል ይበላል። ሦስተኛ፣ ጊዜ ስለሚያጥር በምግብ ፈንታ ብስኩትና ሻይ ይሰጠዋል። ሦስቱንም ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ማስተካከል ይቻላል።

ገበታውን መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የሚሆኑ ምግቦችን በስምንት ይከፍላቸዋል። እነርሱም፦
1. የእናት ጡት ወተት፣
2. እህልና ሥራሥር (ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ድንች)፣
3. ጥራጥሬ (ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር) እንዲሁም ለውዝን የመሰሉ የቅባት ፍሬዎች፣
4. ወተት፣ እርጎና አይብ፣
5. ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና ጉበት፣
6. እንቁላል፣
7. በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬ (ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ማንጎ)፣
8. ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ (ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ሙዝ፣ ብርቱካን)።

ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን በየቀኑ ቢያንስ ከአምስቱ ሊያገኝ ይገባል። አሁን የቤታችንን ገበታ እንቁጠር። ጡት የሚጠባ ሕፃን እንጀራ በሽሮ ቢበላ ሦስት ሆነ። ሽሮውና እንጀራው እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ጥሩ ጥንዶች ናቸው፤ የእናቶቻችን ሙያ እዚህ ላይ አይነቀፍም። የሚጎድለው ሁለት ብቻ ነው። በዚያው ሽሮ ላይ የተቀቀለና የተላመ ካሮት ቢጨመር አራት፣ ከጎኑ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቢቀመጥ አምስት ይሆናል። አዲስ ድስት መጣድ እንኳ አላስፈለገም። ትልልቆቹም ልጆች፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናትም ከዚሁ ይጠቀማሉ።

የእሁድ ሁለት ሰዓት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ ቆላው 100 አይደርስም። ባቄላና ሽምብራ እሳት ላይ ብዙ የሚቆዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬን ቅዳሜ ማታ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል ጊዜንም ማገዶንም ይቆጥባል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ደግሞ የበለጠ ይቀለዋል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ሁለት ሰዓት ያህል ቢመድቡ የሳምንቱን ሥራ ግማሽ ይጨርሳሉ። አንዱ ጥራጥሬ ሲቀቅል ሌላው ሽንኩርት ይከትፋል፤ ልጆች ካሮት ያጥባሉ፣ አተር ይለቅማሉ። ቁሌቱን በዘይት አብስሎ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት የበሰለውን ለሁለትና ለሦስት ቀን ሊያቆየው ይችላል። የሌለው ቤት ግን በደጋ ብርድ ተማምኖ የሕፃን ምግብ አያሳድር፤ እሁድ የሚያዘጋጀው ደረቁን ይሁን፤ ማለትም ዱቄቱን፣ በሶውንና የተለቀመውን ጥራጥሬ።

አምስት ቀላል ምግቦች

1. የምጥን ገንፎ (ከ6 ወር ጀምሮ)። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይለካል፤ ለምሳሌ ሦስት ብርጭቆ ገብስ ወይም ስንዴ በአንድ ብርጭቆ ሽምብራ ወይም ባቄላ። ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ከተነፋ በኋላ ይፈጫል። ሲሠራ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ በፈላ ውኃ ላይ ይጨመርና እየተማሰለ ለ15 ደቂቃ ይበስላል። ከመውጣቱ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከተቻለም የተመታ እንቁላል ጨምሮ እንቁላሉ በሚገባ እስኪበስል ማማሰል ነው። ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል ማለት ነው፤ የቀጠነ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ መሠረቱ ይኸው እህልን ከጥራጥሬ ጋር የማዋሐድ ዘዴ ነው።

2. የድንች ጠፍጣፋ። አራት መካከለኛ ድንች ተቀቅሎ ይላማል። አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ሁለት እንቁላል፣ ትንሽ የደቀቀ ሽንኩርትና ጨው ይጨመርበታል። ልጆች በታጠበ እጃቸው ድቡልቡል እያደረጉ ጠፍጠፍ ያድርጉት፤ መጥበሱን ለትልቅ ሰው ይተዉለት። በጥቂት ዘይት በሁለቱም በኩል እስኪቀላ ይጠበሳል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ትምህርት ቤት ለመውሰድም ይመቻል።

3. ባለ ቀለም ፍርፍር። ያደረ እንጀራ ወይም ድርቆሽ በጠዋት ከተዘጋጀው ቁሌት ላይ ይፈረፈራል። ቲማቲም ቀዩን፣ የተቀቀለ ጎመን አረንጓዴውን፣ እንቁላል ቢጫውን ይሰጡታል። ለልጆች የሚሆነው ድርሻ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ይነሣ። ከምድጃ ላይ ከ10 ደቂቃ አያልፍም።

4. ዱባ በወተት። ዱባ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ ይላማል፤ የፈላ ወተት ይጨመርበታል። ዱባ በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር አያስፈልገውም። ጎመን የማይወዱ ሕፃናት እንኳ ይህን ሲበሉ አይታከቱም።

5. የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በሎሚ (ለትልልቆች ልጆች)። ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ተቀቅሎ፣ የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ጥቂት ዘይትና ጨው ተጨምሮ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱን ይይዘዋል። ስለዚህ ሻይና ቡና ለትልልቆችም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ለሕፃናት ባይሰጥ ይሻላል።

በሁሉም ላይ የሚጨመረው ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። አዮዲን ማነስ እንቅርት ያስከትላል፤ በፅንስ ላይም የአእምሮ ጉዳት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ጨውን በተከደነ ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል።

የጾም ቀንና የሕፃኑ ድስት

በአካባቢያችን ያለ ጿሚ ቤተሰብ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ሲጾም ከቤቱ እንቁላልና ወተት ይጠፋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልጆች ጾም የሚጀምሩት በ7 ዓመታቸው ነው። ሕፃኑ ሳይጾም የሚጾምበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እናት የጾም ድስቷና ማንኪያዋ በፍስክ እንዳይነካባት ስለምትሰጋ ነው። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ የሆነ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ መግዛት ነው። እንቁላሉ በዚያ ይቀቀላል፣ ወተቱ በዚያ ይፈላል፤ የቤቱም ጾም አይነካም።

ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ስለ ጾማቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው። ለሚጾሙት ትልልቆች ልጆች ደግሞ የተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ገበታውን ያሟሉታል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሽሮው ሁሉ መሠረት መሆን የለበትም። ለወራት በብዛት፣ ያለ ሌላ ምግብ የሚበላ ጓያ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። የሽሮ እህል ስትገዙ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ።

መክሰስ ከሱቅ ወይስ ከጓዳ?

ልጅ በየመካከሉ መክሰስ መጠየቁ ቅብጠት አይደለም፤ ሆዱ ትንሽ ነው፣ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ብዙ ነው። ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ በተጨማሪም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ ያስፈልገዋል። ጥያቄው መክሰሱ ምን ይሁን የሚለው ነው። በአንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ይህም 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ እንቁላል ወይም ሙዝ መግዛት ይሻላል።

ከጓዳ የሚወጡ፣ ልጆችን ደስ የሚያሰኙ መክሰሶች እነሆ፦
— የበሶ ጭብጦ። የበሶ ዱቄት በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ወይም ወተት፣ ጥቂት ቅቤና ማር ተጨምሮበት ይታሻል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጭብጦ ይጠቅልል፤ አንዱ ዶሮ፣ ሌላው መኪና ቢያደርገው አይከልከል።
— የተቀቀለ ድንች ወይም እንቁላል።
— በመስከረምና በጥቅምት የባቄላ እሸት፣ ተቀቅሎና ተልጦ።
— ከቆላ የሚመጣ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም ፓፓያ።
— እርጎ በሙዝ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይታወሱ። ቆሎና ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥ፤ በጉሮሮ ተሰንቅሮ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥ፤ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ገበታው የደስታ ይሁን

ቀኑን ሙሉ ተለያይቶ የዋለ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በተለይ ማታ፣ አብሮ ቢቀመጥ ምግቡ ይጣፍጣል። «ልጅ ከአባቱ ጋር አይበላም» የሚለው የቆየ ልማድ በብዙ ቤት ቀርቷል፤ ባልቀረበትም ቤት ቢቀር መልካም ነው። ይሁን እንጂ አብሮ መብላት ማለት ከአንድ ትሪ መሻማት አይደለም። ለትንሹ ልጅ በራሱ ሳሕን ሲቀርብለት ምን ያህል እንደበላ ይታወቃል። ጉርሻው ይቀጥል፤ ጉርሻ ፍቅር ነው። እጅ ግን በሳሙና ይታጠብ።

በሉ እያሉ ማስፈራራት፣ አፍንጫ ይዞ ማጉረስ ልጁን ምግብ ያስጠላዋል። አዲስ ምግብ ሲቀርብለት ቢተፋው ተስፋ አትቁረጡ፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ አቅርቡለት። ብዙ ሕፃናት አንድን ምግብ የሚለምዱት ደጋግመው ከቀመሱት በኋላ ነው። በጎመኑ ዙሪያ ተረት ማውራት፣ በእንቁላሉ ላይ እንቆቅልሽ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። «ውጪዬ ነጭ፣ ውስጤ ቢጫ፤ በር የሌለኝ ጎጆ ማን ነኝ?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱን ያወቀ ልጅ እንቁላሉን በደስታ ይበላል።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ቃል አለን። ገንዘብ መስጠት ብቻ የቤትን ግዴታ አያሟላም። ከሥራ ሲመለሱ ካሮትና እንቁላል ገዝቶ መግባት፣ እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን አስቀምጦ ማብላት የአባትነት ክብር ነው። የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤትም ምን፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሳሕን እንደምታበላ ባልና ሚስት አብረው ያስረዷት። ሕፃኑን ቀኑን ሙሉ የምትመግበው እርሷ ናትና።

አራርቆ መውለድ ለገበታ ምን ይጠቅማል?

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም ሆነ ቅቤ ማዋጥ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል። እናት በመሐል ካረገዘች ጡቱ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይቋረጣል፤ ሌላው ሲወለድም የእናት ጊዜና እጅ ወደ አዲሱ ይዞራል። አንድ እንቁላል ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወሊድና በሚቀጥለው እርግዝና መካከል ቢያንስ 24 ወር እንዲኖር የሚመከረው የእናትየዋ ሰውነት እንዲያገግም፣ የመጀመሪያውም ልጅ 1000 ቀኑን በሚገባ እንዲጨርስ ነው። የትኛው የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴ ለምታጠባ እናት እንደሚስማማ ባልና ሚስት አብራችሁ መጥታችሁ ጠይቁን።

ከተገልጋዮች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጥሬ ወተት የበለጠ ኃይል ይሰጣል ይባላል፤ እውነት ነው?
መልስ፦ አይደለም። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። አፍልታችሁ ስጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተቅማጥ ይዞታል፤ ምግብ ላቁምበት?
መልስ፦ አታቁሚ። ጡቱን አዘውትረሽ አጥቢው፤ ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ከጤና ድርጅት ውሰጂ። ሲሻለው ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ስጪው። ደም ከታየበት ወይም ከደከመ ሳትዘገዪ አምጪው።

ጥያቄ፦ ልጄ እያደገ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
መልስ፦ ወፍራምና ደስተኛ መስሎ መታየቱ ብቻ በቂ አይደለም። በየወሩ በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ አስመዝኑት፤ ቁመቱም ይለካ። ካርዱ ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ መውጣቱን አብራችሁ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ እንቁላል በየቀኑ ለመግዛት አቅም የለንም፤ ምን እናድርግ?
መልስ፦ ሁለት ወይም ሦስት ዶሮ ማርባት ለተቻለው ጥሩ ነው። ካልተቻለም የተገኘው አንድ እንቁላል መጀመሪያ ለትንሹ ልጅ ይድረስ። ጎመንና ካሮት በጓሮ፣ ቦታ ከሌለም በአሮጌ ባልዲና በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ መትከል ይቻላል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ ዘንድ ቢያስፈልግ ይህ ይሁን፤ ዛሬ ማታ የትንሹን ልጅ ሳሕን ለይታችሁ በላዩ ላይ ስንት ዓይነት ምግብ እንዳለ ቁጠሩ። ሦስት ከሆነ ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ አምስት አድርጉት። መልካም ገበታ፣ ጤናማ ቤተሰብ ይሁንላችሁ።